አልፈታ ያለ የፔዳል ቆብ ከድሮ ብስክሌት እንዴት ይወጣል?

የድሮ ብስክሌት ፔዳሉ ሲረገጥ ቋ ቋ ካለ ወይም ወደ ጎን ከተወዛወዘ ችግሩ ብዙ ጊዜ ከመሀል ነው። ሁለቱን የፔዳል ክንዶች የሚያገናኝ ዘንግ አለ። ዘንጉ የሚዞረው በግራና በቀኝ ተጠምዝዘው በገቡ ሁለት የብረት ቆቦች ውስጥ፣ በድቡልቡል ብረቶች ላይ ነው። የግራው ቆብ ብዙም አያስቸግርም። የሚያስመርረው የቀኙ፣ ካቴናው ባለበት በኩል ያለው ነው። ለዓመታት ሳይነካ ይቆይና ከቴላዮው (ከብስክሌቱ ዋና አካል) ጋር በዝገት ይጣበቃል።

ጉልበት ከማውጣታችሁ በፊት ወዴት እንደሚፈታ እወቁ። ብዙ ቆብ የሚበላሸው የሚፈታ እየመሰለው በሚያጠብቅ ሰው ነው። በእንግሊዝ ልክ የተሠራ ብስክሌት ላይ የቀኙ ቆብ ግራ ጥርስ ነው፤ የሚፈታው ሰዓት ቆጣሪ በሚዞርበት አቅጣጫ ነው። የግራው እንደ ማንኛውም ብሎን ነው። ለማስታወስ እንዲቀል፦ በሁለቱም ወገን የቆቡ የላይኛው ጠርዝ ወደ ፊት ጎማ ሲሄድ ይፈታል። በጣሊያን ልክ ግን ሁለቱም እንደ ተራ ብሎን ናቸው።

ቆቦቹ የገቡበትን ቱቦ ወርድ ለኩ። 68 ሚሊ ሜትር አብዛኛውን ጊዜ እንግሊዝ ነው፣ 70 ጣሊያን። 68 ሆነው ሁለቱም ወገን እንደ ተራ ብሎን የሚፈታ የድሮ የፈረንሳይ ብስክሌቶችም ስላሉ ቆቡ ላይ የተቀረጸ ነገር ካለ አንብቡ። 1.37 × 24 እንግሊዝ፣ 36 × 24 ጣሊያን፣ 35 × 1 ደግሞ ብዙውን ጊዜ ፈረንሳይ ነው።

አሁን ክንዶቹን አውጡ። በድሮዎቹ ላይ ክንዱን የያዘው ሽብልቅ ፒን ነው። ዳዶውን ከፒኑ ጫፍ እኩል እስኪሆን ብቻ አላሉት፤ ጫፉን ይጠብቅላችኋል። ክንዱን ከሥር በወፍራም ቱቦ ደግፉና ፒኑን በመዶሻ አንዴ ጠንከር አድርጋችሁ ምቱ። ቀስ እያሉ መቀጥቀጥ ፒኑን እንደ እንጉዳይ ያሰፋዋል፤ ከዚያ መሰርሰር ሊመጣ ነው።

በግራ በኩል ቆቡን የሚቆልፈውን ቀለበት፣ ቆቡን፣ ዘንጉንና ድቡልቡሎቹን አውጡ። ጥረጉና በባትሪ የቀኙን ቆብ ውስጥ እዩ። ለስላሳ ከሆነና ካልተቦረቦረ አትንኩት! አዲስ ግራሶ ቀቡ፣ ድቡልቡሎቹን ቀይሩ፣ ገጣጥሙ። የማያስፈልግ ትግል ነው።

ከተቦረቦረ ግን ብስክሌቱን በቀኝ ጎኑ አስተኙና ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ከውስጥ በቆቡ ዙሪያ አንጠባጥቡ። አሳድሩት። ነጭ ጋዝም ይሠራል፣ ቀስ ይላል እንጂ።

በማግስቱ መፍቻ ይዛችሁ አትታገሉ፤ ቆቡ ስስ ስለሆነ መፍቻው ይሾልካል፣ እጅም ይላጣል። ሞርሳ (ብረት ጨምቆ የሚይዝ መሣሪያ) ያለው ጋራዥ ፈልጉ። ጎማዎቹን አውልቁ፣ የቆቡን ሁለት ጠፍጣፋ ጎኖች በሞርሳው አጥብቃችሁ ያዙ፣ ቴላዮውን ራሱን እንደ መሪ አዙሩት። ከላይ ስታዩት የእንግሊዙ በሰዓት አቅጣጫ፣ የጣሊያኑ በተቃራኒው። ቴላዮው ረጅም ስለሆነ ጉልበታችሁን ያበዛላችኋል።

ሞርሳ ከሌለ፣ ለእንግሊዙ ልክ የሚሆን ዘዴ አለ። በቆቡ ቀዳዳ የሚያልፍ ወፍራም ብሎን ከነሮንዴላው ከውጭ አስገቡ፣ ከውስጥ ሌላ ሮንዴላና ዳዶ አድርጋችሁ እጅግ አጥብቁ። ከዚያ የብሎኑን ራስ በሰዓት አቅጣጫ አዙሩ። ብሎኑ ይበልጥ በጠበቀ ቁጥር ቆቡን ይዞት ይዞራል።

እምቢ ካለ እሳት አለ። ለብረት ቴላዮ ብቻ ነው፣ ቀለሙም ይቃጠላል። ዘይቱን መጀመሪያ በደንብ ጥረጉ፣ አለበለዚያ ይነዳል። ቱቦውን ከውጭ አሙቁና ትኩስ እያለ ሞክሩ።

የመጨረሻው አማራጭ ሴጌቶ (የብረት መጋዝ) ነው። ቆቡን ከውስጥ ሁለት ቦታ ቁረጡ፤ የቴላዮው ጥርስ ጋ ሳትደርሱ አቁሙ፣ ቀሪውን በመሮ ወደ ውስጥ ገፍታችሁ አላቁ።

አዲሱን ስትገጥሙ ጥርሱን ግራሶ ቀቡና የመጀመሪያዎቹን ዙሮች በእጅ ብቻ አስገቡ። በእጅ ካልገባ ጠሟል፤ አውጥታችሁ እንደገና ጀምሩ።