ታካሚን ጥርስ መቦረሽ ስታስተምር
«በቀን 2 ጊዜ ቦርሽ» ብለህ ብትሸኘው «እሺ» ብሎ ይሄዳል፣ በቃ። ይልቅ ብሩሹን አስይዘውና እሱ ያሳይህ፣ ከዚያ አርመው። ብሩሹ ወደ ድዱ 45 ዲግሪ ዘንበል ይበል፣ ቀስ ብሎ፣ 2 ደቂቃ። ብዙ ሰው እንደ ጠቆረ ድስት ይፈትገዋል! የጥርስ ሳሙናው ፍሎራይድ (ጥርስን ከመበስበስ የሚከላከል ማዕድን) ያለው ይሁን፤ ሲጨርስ አረፋውን ይትፋ እንጂ በውሃ አይጉመጥመጥ።

እዚህ ደሴ መፋቂያ የለመዱ እናት ሲመጡ «ይጣሉት» እንዳትል። «እማማ፣ መፋቂያውም ጥሩ ነው፣ ማታ ግን በሳሙና ይቦርሹ» በላቸው።

ጫት የሚቅም ከሆነ በጫቱ ከመጨቃጨቅ ስለ ስኳሩ አውራው፤ ለስላሳና ጣፋጭ ሻይ ለሰዓታት እየተጎነጨ ሲቅም ጥርሱ የአፍ ባክቴሪያዎች ከስኳሩ ከሚሠሩት አሲድ እረፍት አያገኝም፣ ስለዚህ ውሃ ይያዝ።

ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ የሩዝ ፍሬ የምታህል ሳሙና ትበቃለች። የሚቦርሽለት ወላጁ ነው።