የ400 ዓመቱን ባርነት ስንከራከር ከየት እንጀምር?

ዘፍጥረት 15፥13 ላይ ሰው የሚጋጨው አብዛኛውን ጊዜ በመነሻው ነው። እግዚአብሔር ለአብራም ዘርህ በሰው አገር ስደተኛ ይሆናል፣ ባሪያ ያደርጉታል፣ 400 ዓመት ያስጨንቁታል ይለዋል። አንዱ ያዕቆብ ግብፅ ከገባበት ቀን ይቆጥራል። ሌላው ከይስሐቅ ልደት። ይህ ሳይለይ ድምፅ ከፍ ይላል፣ ሰውም ይቀያየማል።

እዚህ ጅማ፣ ሄርማታ አካባቢ፣ ቅዳሜ ማታ ከጎረቤቶቼ ጋር እንወያያለን። ኦርቶዶክሱም ጴንጤውም አለ። የሒሳብ አስተማሪ ስለሆንኩ ወረቀቱ የሚያዘው እኔ ጋ ነው። አቦል ተጠጥቶ እስኪያልቅ ጥቅስ ብቻ ይነበባል፤ ክርክር የሚከፈተው ከቶና ጀምሮ ነው። ይህን ደንብ እናንተም ያዙት፣ ብዙ ጠብ ያስቀራል።

ዘጸአት 12፥40ን ከ66ቱም (የጴንጤው መጽሐፍ ቅዱስ) ከሰማንያ አሐዱም (የኦርቶዶክሱ) አስነብቡ። ከዕብራይስጡ የመጣው ንባብ 430 ዓመት በግብፅ ይላል። የሰባ ሊቃናት፣ ማለትም የጥንቱ የግሪክ ትርጉም፣ ንባብ በከነዓን የኖሩበትንም ይጨምራል። «የእናንተ ተበርዟል» መባባል አያስፈልግም። ቀጥሎ ገላትያ 3፥17ን አንብቡ፤ ጳውሎስ ለአብርሃም ከተሰጠው ተስፋ እስከ ሙሴ ሕግ 430 ይላል።

አሁን እርሳስ አንሡና 430ውን ከተስፋው፣ አብራም ከካራን ከወጣበት ጊዜ፣ ቁጠሩ። አብራም ከካራን ሲወጣ 75 ዓመቱ ነበር፣ ይስሐቅን ሲወልድ 100። ይህ 25 ነው። ይስሐቅ ያዕቆብን በ60 ወለደ። ያዕቆብ ፈርዖን ፊት ሲቆም 130 ዓመቱ ነው። ድምሩ 215። ከ430 ሲቀነስ ለግብፅ የሚቀረው 215 ነው። ከይስሐቅ ልደት እስከ መውጣት ደግሞ 405 ይሆናል፣ ለ400 በጣም የቀረበ። ትንቢቱ «ዘርህ» ስለሚል ከይስሐቅ መጀመሩ ለእኔ ሚዛን ይደፋል።

ግብፅ ውስጥ ሙሉ 400 ዓመት ነው ለሚል ሰው የቀዓትን ነገር አንሡለት። የሙሴ አያት ቀዓት ከያዕቆብ ጋር ግብፅ ከወረዱት አንዱ ነው። 133 ዓመት ኖረ፣ ልጁ የሙሴ አባት እንበረም 137፣ ሙሴ በፈርዖን ፊት ሲቆም 80። ሁሉንም ጫፍ ለጫፍ ብትቀጥሉት እንኳ 350 ነው።

እሱም መልስ አለውና በደንብ ስሙት። ዘኍልቍ 3፥28 የቀዓትን ወገን ወንዶች 8,600 ያደርጋቸዋል። በሁለት ሦስት ትውልድ ይህን ያህል ሕዝብ ከየት መጣ? 1ኛ ዜና 7 ላይ ከኤፍሬም እስከ ኢያሱ የተዘረዘረው የትውልድ ሐረግም ረጅም ነው። ስለዚህ የሙሴ ሐረግ ስም ዘሎ ሊሆን ይችላል ይላል። ይህ ከባድ ክርክር ነው፣ አታቃልሉት።

ብዙዎች የሚረሱት ግን ዮሴፍን ነው። 30 ዓመቱ ሳለ በፈርዖን ፊት ቆመ፤ 7 የጥጋብ፣ 2 የረሃብ ዓመታት ሲጨመሩ አባቱ ሲመጣ 39 ሆኖታል። የሞተው በ110 ነው። በእነዚያ 71 ዓመታት እስራኤል የባለሥልጣን ቤተሰብ ነበሩ። 430ውን በሙሉ ለግብፅ ብትሰጡ እንኳ ለባርነት ቢበዛ 359 ይተርፋል። በማንኛውም አቆጣጠር 400 ሙሉ የባርነት ዓመት አይገኝም። ስለዚህ ቁጥሩ ስደቱንም ባርነቱንም ጭንቀቱንም አንድ ላይ ይዟል ብዬ አምናለሁ።

ሲመሽ ያልተፈታውን ጥያቄ ጽፋችሁ ለሚቀጥለው አሳድሩት። እኛ ወረቀት ላይ አሁን ያለው የ8,600ው ነገር ነው።