ክረምቱን የሚሻገር ትንሽ የመዝናኛ ግድብ እንዴት ይሠራል?

በባሕር ዳር ዙሪያ የዓመቱ ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይጥላል። ለዋናና ለጀልባ ተብሎ የሚሠራ 3 ሜትር ከፍታ ያለው የአፈር ግድብም የሚፈተነው ያኔ ስለሆነ ሥራው ግንቦት ሳያልቅ መጠናቀቅ አለበት። በአዋጅ ቁጥር 197/1992 መሠረት የውሃ ሥራ ግንባታ ፈቃድ ይፈልጋል፤ ቁፋሮው ከዚያ በኋላ ነው።

ለሙሌት ቀይ ሸክላማ አፈር ተመራጭ ነው። መረሬ (ጥቁር አፈር) በበጋ ይሰነጠቃል፣ ውሃም በስንጥቁ ይሾልካል፤ ሌላ ከታጣ መሃል ላይ ብቻ ይግባና በቀይ አፈር ይሸፈን። ሣሩንና ሥራሥሩን ግፈፉ፣ ከግድቡ መሃል ሥር ጠንካራ ሸክላ እስኪገኝ ቦይ ቆፍሩና በሸክላ እየጠቀጠቃችሁ ሙሉ። ቁፋሮው የተሰነጠቀ ጥቁር ድንጋይ ላይ ካረፈ ቦታ መቀየር ይሻላል፤ ውሃው ከሥር ያመልጣል።

አናቱ 3 ሜትር ይስፋ። በውሃው በኩል ለ1 ሜትር ቁመት 3 ሜትር፣ በጀርባው በኩል 2 ሜትር አግድም ስጡት፤ ግርጌው 18 ሜትር ይሆናል። አፈሩ በ15 ሳንቲሜትር ንጣፍ እየተዘረጋ በጥርሳም ሮለር ይጠቅጠቅ። የቡልዶዘር ሰንሰለት ክብደቱን ስለሚያከፋፍል አይበቃም። እርጥበቱ ልክ የሚሆነው አፈሩ በእጅ ሲጨበጥ ድቡልቡል ሆኖ ሲቆምና መዳፍን ሳያረጥብ ሲቀር ነው። አፈሩ ስለሚሰጥም መሃሉን 30 ሳንቲሜትር ከፍ አድርጉት።

አሁን ዋናው ነገር፣ ማስተንፈሻው፣ ማለትም ትርፉ የጎርፍ ውሃ የሚወጣበት ቦይ። የአፈር ግድብ ውሃ አናቱን ከተሻገረ ጀርባው ተሸርሽሮ በሰዓታት ውስጥ ሊፈርስ ይችላል። ስለዚህ ማስተንፈሻው በሙሌቱ ላይ ሳይሆን ከዳር ባለው ያልተነካ መሬት ይቆፈር፤ ወለሉም ከግድቡ አናት 1 ሜትር ዝቅ ይበል። ስፋቱን የሚወስነው ከላይ ያለው ተፋሰስ ነው። ለምሳሌ ከ50 ሄክታር መሬት በሰዓት 60 ሚሊሜትር ዝናብ ሲወርድና 40 በመቶው ሲፈስ በሰከንድ 3.3 ሜትር ኩብ ያህል ይመጣል፤ 6 ሜትር ስፋት ያለው ማስተንፈሻ ይህን በግማሽ ሜትር ጥልቀት ያሳልፋል። የእናንተን ቦታ ግን መሐንዲስ ያስላው። ወለሉን በሰርዶ ሸፍኑት፣ መውጫው ከግድቡ ግርጌ ይራቅ።

ብዙ ባለንብረቶች ዓሣ እንዳያመልጥ ማስተንፈሻውን በሽቦ ወንፊት ያጥራሉ፣ ወይም ለጀልባ ውሃ ለመጨመር በአሸዋ ከረጢት ይዘጋሉ። ሁለቱም ግድብ ያፈርሳሉ። ወንፊቱ በቅጠልና በጭራሮ በአንድ ሌሊት ይደፈናል፣ ከረጢቱም የጎርፉን ቦታ ይቀማል። ጥልቀት ከፈለጋችሁ ገንዳውን ቆፍሩ።

የማፋሰሻ ቧንቧ ዙሪያውን አሸዋ አታልብሱት፤ ውሃው ያንኑ ተከትሎ አፈሩን ይቦረቡራል። በሸክላ በእጅ ጠቅጥቁት። ግድቡ ላይ ባሕር ዛፍ አይተከል፤ ሥሩ ሲበሰብስ የውሃ መሿለኪያ ይሆናል።

ከጣና የመጣ ጀልባ ከመግባቱ በፊት የእንቦጭ ቅሪት ይጸዳለት። የቢልሃርዚያ ቀንድ አውጣ ሣር በበዛበት ጥልቀት የሌለው ዳር ስለሚኖር የዋና ቦታውን አጽዱ፤ ዋናተኞችም ሽንት ቤት ይዘጋጅላቸው።

በክረምት በየቀኑ የጀርባውን ግርጌ ተመልከቱ። ጥቂት ጥርት ያለ ውሃ ቢወጣ መጠኑን መዝግቡ። ደፍርሶ ከወጣ አፈሩ እየታጠበ ነው፤ ጉድጓዱን ከውጭ አትድፈኑ፣ ከታች ያሉትን ሰዎች ወዲያው አስነሱ፣ ቧንቧውን ከፍታችሁ ውሃውን ቀንሱ፣ መሐንዲስ ጥሩ።