ኮሚክ ለማስፈረም የትኛው ማርከር ይሻላል?

ኮሚክ (ታሪክን በሥዕል የሚተርክ መጽሔት) በደራሲው ወይም በሠዓሊው ልታስፈርሙ ስትሄዱ ማርከሩን ራሳችሁ ያዙ። ፈራሚው ጠረጴዛ ላይ ያለው ለእናንተ ሽፋን ላይሆን ይችላል።

የአብዛኞቹ የዘመኑ ኮሚኮች ሽፋን አንጸባራቂ ነው፤ ቀለም አይመጥም። ጄል እስክሪብቶ ላዩ ላይ እርጥብ ሆኖ ይቆያል፣ አውራ ጣት ነካ ሲያደርገው ፊርማው ጭራ ያወጣል። ተራው እስክሪብቶ ደግሞ የባሰ ነው። ጫፉ ጠንካራ ስለሆነ ወረቀቱን ይሰረጉደዋል፣ ያ ደግሞ አይመለስም።

ሽፋኑ ነጣ ያለ ከሆነ ቀጭን ጫፍ ያለው ጥቁር ወይም ሰማያዊ ሻርፒ (በቀላሉ የማይለቅ ማርከር) ያዙ። ቀለሙ የተበጠበጠው በአልኮል ስለሆነ ቶሎ ይደርቃል። ለጥቁርና ጠቆር ላለ ሽፋን ግን ሻርፒው ይዋጣል፤ ብርማ ወይም ወርቃማ ፔይንት ማርከር (ሥሩን የሚሸፍን ወፍራም ቀለም ያለው) ነው የሚያወጣው። እሱን ክዳኑን ሳትከፍቱ በደንብ ናጡት፣ ከዚያ ቀለሙ እስኪወርድ ጫፉን ቁራጭ ወረቀት ላይ ጫን ጫን አድርጉ። ይህን ከዘለላችሁ የመጀመሪያዋ ጠብታ ጀግናው ፊት ላይ ነው የምታርፈው! ካስፈረማችሁ በኋላም ቢያንስ 10 ደቂቃ ሳትነኩት ይቆይ። ቶሎ ኮሚኩ የሚቀመጥበት ላስቲክ ውስጥ ከገባ ፊርማው ላስቲኩ ላይ ይቀራል።

ሽፋኑ ሻካራና የማያብረቀርቅ ከሆነ ግን ሻርፒ አትጠቀሙ። ወረቀቱ ይመጠውና መስመሩ ይሰፋል፣ አንዳንዴም ወደ ጀርባው ያልፋል። ለእሱ ለሥዕል የሚሸጠው ባለ ቀጭን ጫፉ እስክሪብቶ፣ ፋይንላይነር፣ ይሻላል።

የተፈረመበትን ፀሐይ የሚያገኘው ግድግዳ ላይ አትስቀሉት፤ በተለይ የሻርፒ ቀለም ብርሃን ላይ ይደበዝዛል።