ቤት ውስጥ ክፍት ራክ ሲመርጡና ሲገጥሙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ቤቱ ራክ ለማስገባት ያሰበ ሰው ሲደውልልኝ የመጀመሪያ ጥያቄው አንድ ነው፤ «ስንት ዩ ይበቃኛል?» ዩ የራክ ቁመት የሚለካበት ልክ ነው። የእኔም መልስ አንድ ነው። መጀመሪያ ሜትር ያዝና የዕቃህን ጥልቀት ለካ፤ ቁመቱን በኋላ እንነጋገራለን።

ክፍት ራክ ማለት በርም ጎንም ክዳንም የሌለው፣ አጽሙ ብቻ የቀረ የብረት ማቆሚያ ነው። ራውተር፣ ስዊች፣ የካሜራ መቅጃ፣ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆየው)፣ ያገለገለ ሰርቨር፣ ሲያስፈልግም የሙዚቃ አምፕሊፋየር ይሸከማል። ከተዘጋው ካቢኔት ይረክሳል። አየር እንደልቡ ይገባል፣ እጅም ከየትኛውም ጎን ይደርሳል። ለቤት እኔ የምመርጠው እሱን ነው። ብዙዎቹ ስህተቶች የሚሠሩት ግን ገና አንድ ብሎን ሳይጠብቅ ነው።

ቁመት ለክቶ ጥልቀት መርሳት

አንድ ዩ 44.45 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ ባለ 12 ዩ ራክ ለዕቃ የሚሰጣችሁ ቁመት 53 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ይህ ቁጥር በትልቁ ስለሚጻፍ ሁሉም የሚያየው እሱን ነው። ጥልቀቱ፣ ማለትም ከፊተኛው ቋሚ እስከ ኋለኛው ያለው ርቀት፣ ጥግ ላይ በትንንሽ ፊደል ነው የሚገኘው።

ለቤት የሚሆን ስዊች ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ይበቃዋል። ያገለገለ የራክ ሰርቨር ግን 70 ሴንቲ ሜትርና ከዚያም በላይ ይሄዳል። ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ ልጅ በርካሽ ያገኘውን ሰርቨር 45 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ባለው ራክ ላይ ሰቅሎት አይቻለሁ። ከኋላ የሚይዘው ነገር ስላልነበረ ክብደቱን ሁሉ የተሸከሙት ከፊት ያሉት አራት ብሎኖች ናቸው። የሰርቨሩ ጆሮዎች፣ ማለትም ከፊቱ ግራና ቀኝ ወጥተው በብሎን የሚታሰሩት ብረቶች፣ ጎብጠው፣ የኋላው ጫፍ ቁልቁል ወርዷል። እነዚያ ጆሮዎች ዕቃው ወደ ፊት እንዳይንሸራተት ነው የተሠሩት፤ ለመሸከም አይደለም። ረጅምና ከባድ ዕቃ ከፊትም ከኋላም የሚይዘው ሐዲድ ወይም መደርደሪያ ይፈልጋል።

የእኔ ምክር ጥልቀቱ የሚረዝምና የሚያጥር ባለ አራት እግር ራክ ነው። የረጅሙን ዕቃ ልክ ወስዳችሁ ለስፒናና ለኬብል መታጠፊያ 10 ወይም 15 ሴንቲ ሜትር ጨምሩበት። ከዚያ ደግሞ ሰው ከኋላ በኩል የሚገባበትን ቦታ አስቡ። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ራክ ክፍት መሆኑ ምን ጥቅም አለው?

ባለ ሁለት እግሩን በዋጋው ብቻ መውደድ

የቴሌኮም ክፍሎች ውስጥ የሚታየው ባለ ሁለት ምሰሶ ራክ ዋጋው ይማርካል። እዚያ ግን ኮንክሪት ላይ በወፍራም ብሎን ታስሮ ነው የቆመው። ጣውላ ወይም የአፈር ወለል ላይ አታስቡት።

ብየዳ ቤት ሄዶ «እንደዚህ ሥራልኝ» ማለት

ከአዲስ አበባ ማስመጣቱ የከበደው ሰው ወደ በያጅ ይሄዳል። እኔ አልቃወምም። ጎበዝ በያጅ ሱቅ ከሚሸጠው ቀጭን ላሜራ የጠነከረ ነገር ይሠራል። ችግር የሚመጣው ቀዳዳው ላይ ነው።

መደበኛው ባለ 19 ኢንች ራክ ልኩ የታወቀ ነው። የዕቃው ፊት ከጆሮ እስከ ጆሮ 482.6 ሚሊ ሜትር ነው። በሁለቱ ቋሚዎች መካከል ያለው ክፍተት ከ450 ሚሊ ሜትር ማነስ የለበትም። የግራው ቀዳዳ መሀል ከቀኙ ቀዳዳ መሀል 465 ሚሊ ሜትር ይርቃል። እስከዚህ ድረስ ማንም በያጅ አይሳሳትም።

ከላይ ወደ ታች ሲሆን ነው ነገሩ የሚበላሸው። በአንድ ዩ ውስጥ ሦስት ቀዳዳ አለ፤ ርቀታቸው ግን እኩል አይደለም። 15.9፣ እንደገና 15.9፣ ከዚያ 12.7 ሚሊ ሜትር እያለ ይደጋገማል። አንዱ ዩ አልቆ ሌላው የሚጀምረው በጠባቡ ክፍተት መሀል ላይ ነው። ይህን ያልተነገረው በያጅ ትራፓኖውን አንሥቶ «ጋሼ፣ በየአንድ ሴንቲ ከግማሹ ልብሳው?» ይላል። ጋሼም «አዎ፣ ብሳው» ይላሉ። የመጀመሪያው ስዊች እንደምንም ይገባል። ሦስተኛው ላይ ሲደረስ ብሎኑ ቀዳዳውን አያገኘውም።

«አንድ ዩ ያው አራት ሴንቲ ተኩል ነው» ብሎ ማጠጋጋትም አያዋጣም። አንዱን ዩ በ45 ሚሊ ሜትር ከቆጠራችሁ 12ኛው ላይ ስትደርሱ 6.6 ሚሊ ሜትር ተንሸራታችኋል። በ44 ከቆጠራችሁ ደግሞ 5.4 ሚሊ ሜትር ጎድሏችኋል። ሁለቱም ለአንድ ብሎን ብዙ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ቀዳዳ የወጣላቸውን ቋሚ ብረቶች ብቻ አስመጡ፤ ፍሬሙን እዚሁ አስበይዱ። ይህ ካልሆነ የራክ ጆሮ ያለው ዕቃ፣ ለምሳሌ ፓች ፓኔል (የኔትወርክ ኬብሎች የሚሰበሰቡበት)፣ ለበያጁ ውሰዱለትና ብረቱ ላይ አስደግፎ ምልክት ያድርግ። የብየዳ ሙቀት ብረቱን ስቦ ያጣምመዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ማዕዘኖቹን በነጥብ ብቻ ያስይዝ፤ ሁለቱን ሰያፎች በሜትር ይለካ፤ እኩል ከሆኑ በኋላ ሙሉውን ይበይድ። አንቲረስትና ቀለም ይቀጥላል። ቀዳዳ ያላቸው ቋሚዎች በመጨረሻ በብሎን ይታሰራሉ እንጂ አይበየዱም፤ ነገ ሊቀየሩ ይችላሉና።

ስለ ብሎኑ አንድ ነገር ልጨምር። ካሬ ቀዳዳ ያለው ራክ ላይ ኬጅ ነት የሚባለው፣ በራሱ ማቀፊያ የሚሰካ ዳዶ ይገባል። አብዛኛውን ጊዜ ልኩ ኤም 6 ነው፤ ይህ ሃርድዌር መሸጫ አይጠፋም። በክር የተበሳ ክብ ቀዳዳ ከሆነ ግን በኢንች የሚለካ ብሎን ሊሆን ስለሚችል በግድ አታስገቡት። አንድ ጊዜ ክሩ ከተበላ ቋሚው ተበላሸ ማለት ነው።

ብሎኑን ወዲያው ማጥበቅ

ተፈታትቶ የመጣ ራክ ሲገጠም የመጀመሪያውን ብሎን በቺያቬ ጥርቅም አድርጎ የሚያስር ሰው መጨረሻው ላይ ቀዳዳና ቀዳዳ አልገናኝ ብሎት ሲታገል ታገኙታላችሁ። ሁሉንም በጣት ብቻ አስይዙ። ራኩን ደልዳላ ቦታ ላይ አቁሙት፤ ሰያፎቹን ለኩ፤ ውሃ ልክ አስቀምጡበት፤ ከዚያ ከታች ወደ ላይ እያፈራረቃችሁ አጥብቁ። ቋሚዎቹ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ መቆማቸውንም እዩ። አንዱ ከተገለበጠ ጠባቡ ክፍተት ከጎረቤቱ ጋር አይገጥም ይሆናል፤ ዕቃውም ዘሞ ይቀመጣል። ቁጥር የተጻፈበት ራክ ከሆነ 1 ቁጥር በአራቱም ላይ ታች መሆኑን ማየት ይበቃል።

ከባዱን ላይ መስቀል

ዩፒኤስ ውስጡ የእርሳስ ባትሪ ነው፤ ታች ይቀመጣል። ሰርቨሩ ከሱ በላይ፣ ስዊቹና ፓች ፓኔሉ አናት ላይ። ብዙ ሰው የዩፒኤሱን መብራት ለማየት እንዲመቸው ብሎ ዓይኑ ትክክል ያደርገዋል። ሰርቨሩን በሐዲዱ ወደ ፊት ስትስቡት ሚዛኑ አብሮ ወደ ፊት ይመጣል፤ ላዩ የከበደ ራክ ያን ጊዜ ነው የሚገለበጠው። ቤት ውስጥ ደግሞ ሕፃን አለ፤ መሰላል አድርጎ ይወጣበታል።

ስለዚህ ከግድግዳ ጋር ማሰር ነው። ብሎኬት ከሆነ ፊሸር ይይዛል። የጭቃ ቤት ከሆነ ልስኑን አትመኑ፤ ግድግዳውን አንኳኩና ቋሚ እንጨቱን ፈልጋችሁ እሱ ላይ እሰሩ። አካባቢያችን መሬቱም ሁልጊዜ ዝም አይልም። በ1953 ዓ.ም. ከኮምቦልቻ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ካራ ቆሬ አካባቢ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፍርሷል። ጎማ ያለው ራክ ከገዛችሁም ፍሬን ያለው ይሁን።

«ደሴ ብርድ ነው፣ ምን ማቀዝቀዣ ያስፈልገዋል?»

ግማሹ እውነት ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ብርዱ ያግዛል፤ አየሩ ግን ስስ ነው። በዚህ ከፍታ የአየሩ እፍጋት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ገደማ ያንሳል። ያው ፋን በዚያው ፍጥነት ቢዞርም ይዞት የሚወጣው ሙቀት ያነሰ ነው። ለዚህ ነው ብዙ የሰርቨር መመሪያዎች ከ950 ሜትር ገደማ በላይ በየ300 ሜትሩ ከሚፈቀደው የክፍል ሙቀት 1 ዲግሪ ቀንሱ የሚሉት። 35 ዲግሪ ይችላል የተባለ ዕቃ ደሴ ላይ 30 ዲግሪ አካባቢ ያበቃል ማለት ነው። ሳሎን ውስጥ ምንም አያሳስብም። መስኮት የሌለው ዕቃ ቤት ውስጥ አስገብታችሁ በሩን ከዘጋችሁ ግን ያሳስባል።

ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትገቡ ነገሩ ይገለበጣል። ከፍታው ወደ 1,850 ሜትር ይወርዳል፤ አየሩ ይሻላል፤ ሙቀቱ ግን ይጨምራል። ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ቤት ውስጥ የግንቦት ቀትር ቀልድ አይደለም። እዚያ የሚጎዳው በተለይ የዩፒኤሱ ባትሪ ነው። የእርሳስ ባትሪ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ገደማ ያጥራል። ራኩን የከሰዓት ፀሐይ ከሚመታው ግድግዳ አርቁት።

የሚያፈስ ጣራና የዕጣን ጭስ ስር ማስቀመጥ

ክፍት ራክ ክዳን የለውም። ክረምት ላይ ከቆርቆሮው ሚስማር ስር የምትወርድ አንዲት ጠብታ ቀጥታ ስዊቹ ላይ ታርፋለች። ሐምሌ ሳይገባ ቀና ብላችሁ ኮርኒሱን እዩ። የቆየ ቢጫ እድፍ ካለ ቦታ ቀይሩ፤ አለዚያም አናቱ ላይ ወደ ኋላ ዘንበል ያለ ላሜራ አሳስሩ። ላሜራው ከዕቃው ትንሽ ከፍ ይበል፣ አየሩን እንዳይዘጋ።

ጭሱ ደግሞ የኛ የወሎዎች ጉዳይ ነው። ቡና ተፈልቶ ዕጣን የማይጨስበት ቤት የለም፤ ይቅርም አልልም። ግን የዕጣንና የከሰል ጭስ ፋን ላይ ሙጫ ነገር እየጣለ ይሄዳል፤ አቧራው እሱ ላይ ይለጠፋል፤ ደረቅ ብሩሽ አያነሣውም። ረከቦትና ራክ አንድ ጥግ ላይ አይቀመጡ። ቤቱ ጠባብ ከሆነ ቢያንስ ጭሱ ወደ መስኮት ሲሄድ ራኩን አቋርጦ እንዳይሄድ አድርጉ።

የመሬት ሽቦ ሳይኖር መሰካት

በዚህ ላይ ቸልታ አልወድም። ደሴ ውስጥ አንድ ቤት የልጁን ካሜራ ሳስተካክል እናቱ ራኩን በእጃቸው ጀርባ ነካ አደረጉና ወዲያው ሰበሰቡት።

«ኧረ ልጄ፣ ይሄ ነገር ይነዝራል!»

«እማማ፣ አይንኩት፤ ቆይ ላጥፋው።»

ልጁ «ሁሌም እንደዚያ ነው፣ ችግር የለውም» አለ። አለው እንጂ! በየዕቃው ፓወር ሳፕላይ ውስጥ ያለው ማጣሪያ ጥቂት ኤሌክትሪክ ወደ ብረቱ አካል ያሾልካል። የመሬት ሽቦ ካለ ወደዚያ ይወርዳል። ከሌለ ብረቱ ላይ ይቀራል። ራክ ላይ ደግሞ ዕቃዎቹ ሁሉ በብረት የተያያዙ ስለሆኑ የሁሉም ፍሳሽ ይደመራል። ያ ንዝረት ብዙ ጊዜ ቀላል ነው፤ ግን አንድ ቀን እውነተኛ ብልሽት ቢመጣ ልዩነቱን በእጃችሁ ነክታችሁ አታውቁትም።

ሶኬቱ የመሬት መገናኛ ስላለው ብቻ አትተማመኑ፤ ብዙ ቤት ውስጥ ከጀርባው ሽቦ አልተያያዘም። የኤሌክትሪክ ባለሙያ ጠርታችሁ አስለኩ። ካልተያያዘ መሬት ውስጥ ዘንግ ያስቀብር። የውሃ ቧንቧ ላይ ማሰር ይቅር፤ ከበር ውጭ ቧንቧው ፕላስቲክ ሊሆን ይችላል። ራኩ ላይ ደግሞ አረንጓዴና ቢጫውን ሽቦ የምታስሩበትን ቦታ ቀለሙን ፍቃችሁ፣ ጥርስ ባለው ሮንዴላ እሰሩት። ቀለም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም።

ኬብሉን ማነቅ

የፕላስቲክ ማሰሪያን በፒንሳ ስቦ ማጥበቅ የኔትወርክ ኬብልን ይጨፈልቀዋል፤ ፋይበርን ደግሞ ጨርሶ ይገድለዋል። የጨርቅ ማሰሪያ ተጠቀሙ። የመብራት ሽቦ በአንድ ጎን፣ የዳታው በሌላው ይውረድ። ራኩን ፈቀቅ ለማድረግ የሚበቃ ትርፍ ተዉለት።

ጭራሽ የማያስፈልገውን መግዛት

ቤታችሁ ያለው አንድ ራውተር፣ ባለ ስምንት ቀዳዳ ትንሽ ስዊችና የአራት ካሜራ መቅጃ ከሆነ፣ አንዳቸውም የራክ ጆሮ የላቸው ይሆናል። ራክ ብትገዙም መጨረሻ ላይ መደርደሪያ ገጥማችሁ ነው የምታስቀምጧቸው። እንዲህ ከሆነ ሰፈር ያለ አናጢ ሁለት ደርብ የእንጨት መደርደሪያ ይሥራላችሁ፤ ጀርባው ክፍት ይሁን፤ የተረፈውን ብር ለዩፒኤሱ አድርጉት።