ብራናው መደርደሪያ ላይ አለ፣ ካታሎጉ ላይ ግን የለም፦ የልዩ ስብስብ ምዝገባ ችግርና መፍትሄ

የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ልዩ ስብስብ ክፍል ውስጥ የሠራ ሰው ይህን ነገር ያውቀዋል። ተመራማሪው ኮምፒውተር ላይ ይፈልጋል፤ የለም። ተስፋ ቆርጦ አንጋፋውን ሠራተኛ ይጠይቃል፤ መጽሐፉ ወዲያው ጠረጴዛው ላይ ይቀመጥለታል። አንጋፋው ጡረታ የወጡ ዕለት ግን መጽሐፉም አብሮ ጠፋ ማለት ነው።

እዚህ የማነሣቸው ችግሮች በግዕዝና በአማርኛ ብራናዎች፣ እንዲሁም በድሮ ኅትመቶች ላይ ደጋግመው የሚያጋጥሙ ናቸው። የምጠቅሳቸው ቁጥሮች የማርክ 21፣ ማለትም የካታሎግ መረጃ በኮምፒውተር የሚጻፍበት ቅርጽ፣ ፊልዶች (ክፍሎች) ናቸው፤ ኮሃ የተባለውን የቤተ መጻሕፍት ሶፍትዌር የሚጠቀም ሁሉ ያውቃቸዋል። አብዛኛው ጣጣ የሚመጣው ከአንድ ቦታ ነው። መጽሐፉ የሚለውና ካታሎገሩ (መዝጋቢው) የሚለው ይደባለቃሉ።

ርዕሱን ስፈልግ አይመጣም

መጀመሪያ ምርመራ። ሪከርዱን በቁጥሩ ክፈቱና ርዕሱን ኮፒ አድርጋችሁ መፈለጊያው ላይ ለጥፉት። ከመጣ ችግሩ የፊደል ምርጫ ነው። ካልመጣ ኢንዴክሱ፣ ማለትም ሲስተሙ የሚፈልግበት ማውጫ ነው።

የፊደሉን ነገር ሁላችንም እናውቀዋለን። መጽሐፉ «ሥነ ጽሑፍ» ይላል። አንዱ አንባቢ «ስነ ጽሁፍ» ብሎ ይፈልጋል፣ ሌላው «ስነ ፅሁፍ» ይላል። ለኮምፒውተሩ ሦስቱም የማይተዋወቁ ናቸው። እዚህ ላይ በጣም የሚጎዳው ካታሎገሩ 245 (የርዕሱ ፊልድ) ላይ ፊደሉን «ሲያርም» ነው። አትንኩት! 245 ላይ መጽሐፉ እንዳለው ይጻፍ፣ ግድፈትም ቢኖርበት። የተለመደውን አጻጻፍ 246 (ተለዋጭ ርዕስ) ላይ ጨምሩ። ብራና ላይ ሠና ሰ፣ አና ዐ የተቀላቀሉበት መንገድ ለተመራማሪው ራሱ ማስረጃ ነው።

ዘላቂው መፍትሄ ያለው ኢንዴክሱ ላይ ነው። ኮሃችሁ ዜብራ የተባለውን የፍለጋ ፕሮግራም የሚጠቀም ከሆነ አይሲዩ የተባለው የኢንዴክስ ዘዴ መብራቱን አረጋግጡ፤ ከላቲን ውጭ ላለ ፊደል ያለ እሱ አይሆንም። በእሱ የሕግ ፋይል ውስጥ ሐና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ የሚመልስ መስመር ከነሰባት ቤታቸው ይጨመር። ሃና ኃ፣ ዓና ኣ እንዳይረሱ። ከዚያ ስብስቡ በሙሉ እንደገና ኢንዴክስ ይደረግ። የሚታየው ሪከርድ አይነካም፤ የሚለወጠው ፍለጋው ብቻ ነው።

ሁለት ነጥብም የራሱ ጣጣ አለው። «መጽሐፈ፡ሰዓታት» ተብሎ ሳይነጣጠል ሲጻፍ እንደ አንድ ቃል የሚቆጥር ሲስተም አለ። ፡ ወደ ባዶ ቦታ እንዲቀየር እዚያው ፋይል ላይ ይነገረው። በ፡ ፈንታ የእንግሊዝኛውን ኮለን የሚመቱም አሉ። በካታሎግ ሥርዓተ ነጥብ ኮለን ንዑስ ርዕስን ይለያል። አንድ መጽሐፍ በአምስት ንዑስ ርዕስ ተከፋፍሎ ካገኛችሁት ይሄው ነው።

ፊደሉ ሳጥን፣ የጥያቄ ምልክት ወይም ዝብርቅርቅ ሆኖ ይታያል

ባዶ ሳጥን ከሆነ እፎይ በሉ። ዳታው ደኅና ነው፤ ያ ኮምፒውተር የኢትዮጵያ ፊደል ፎንት የለውም ማለት ነው። ይጫንለት።

የጥያቄ ምልክት ከሆነ ግን ፊደሉ ሲገለበጥ ጠፍቷል። ማርክ-8 የሚባለው የድሮ ኮድ ላቲንን፣ ዐረብኛን፣ ዕብራይስጥን፣ ግሪክን፣ ሲሪሊክንና የቻይና፣ የጃፓንና የኮሪያን ፊደል ይዟል። የእኛን አልያዘም። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ስለዚህ ፋይል ስታስወጡም ስታስገቡም ዩቲኤፍ-8 የተባለውን የዩኒኮድ ኮድ ምረጡ። በሪከርዱ መሪ መስመር 9ኛ ቦታ ላይ ትንሿ «ኤ» መኖሯንም እዩ። አንዴ የጥያቄ ምልክት የሆነውን መጠገን አይቻልም፤ ከምንጩ ፋይል እንደገና ማምጣት ነው።

የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ከሆነ ብዙ ጊዜ ጽሑፉ የተመታው ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት የአማርኛ ፎንቶች ነው። ፎንቱ ታውቆ በመቀየሪያ ፕሮግራም ይመለሳል። የፎንቶቹ አሰላለፍ ስለሚለያይ መጀመሪያ ጥቂት ሪከርድ ብቻ ሞክሩ።

ደራሲው «ሥላሴ፣ ኅሩይ ወልደ» ሆኗል

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴን በ«ሥ» ሥር የመዘገበ ካታሎግ ስታዩ አትሳቁ። ቅጹ የቤተሰብ ስም ጠይቋል፣ ሠራተኛው የመጨረሻውን ቃል ሰጥቷል። እኛ ግን የቤተሰብ ስም የለንም። 100 (የደራሲው ስም ፊልድ) ላይ የመጀመሪያው አመልካች 0 ይሁን፤ ስሙ በተፈጥሮ ቅደም ተከተሉ ያለ ኮማ ይጻፍ፤ ብላቴን ጌታ፣ አለቃ፣ አባ የመሳሰለው ማዕረግ ንዑስ ፊልድ ሲ ላይ ይግባ። ወልደ፣ ገብረ፣ ኃይለ፣ ተክለ ብለው የሚጀምሩ ስሞች ከተከታያቸው አይነጠሉም።

አሜሪካ ወይም አውሮፓ የሚኖሩ ደራስያን ላይ ትንሽ ይከብዳል። በእንግሊዝኛ ሲጽፉ የአባታቸውን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይጠቀሙበታል፣ በአማርኛ ሲጽፉ ደግሞ አይጠቀሙም። አንዱን ምረጡና ሌላውን በስም ፋይሉ 400 ላይ አስገቡት። አንድ ሰው በሁለት ስም ተከፍሎ ግማሽ ሥራው እዚህ፣ ግማሹ እዚያ አይቅር።

ዓመቱ አይገጥምም

1921 ዓ.ም. አዲስ አበባ የታተመ መጽሐፍ በ1921 እ.ኤ.አ. ለንደን ከታተመው ጎን ይሰለፋል። ካታሎገሩ ያየውን ቁጥር እንዳለ 008 (ዓመቱ በኮድ የሚገባበት ፊልድ) ላይ ገልብጦታል። 264 (የኅትመት መረጃ) ላይ «1921 [1928 ወይም 1929]» ተብሎ ይጻፍ፤ በቅንፍ ያለው የእናንተ ቃል ነው። 008 ላይ የፈረንጁ ዓመት ይግባ። ወሩ ከታወቀ ጥርጣሬው ያልቃል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7 ይደመራል፤ ከዚያ በኋላ 8።

ግን አማርኛ መጽሐፍ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር አልታተመም። ስዊዘርላንድ ውስጥ ባዝል አጠገብ በቅድስት ክሪሾና ታትሞ የወጣው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ 1886 ሲባል የፈረንጁ 1886 ነው። ስለዚህ ከዓመቱ በፊት የታተመበትን ቦታ አንብቡ። ማተሚያ ቤቱም ይረዳል። ብርሃንና ሰላም የተቋቋመው በ1914 ዓ.ም. ስለሆነ «ብርሃንና ሰላም፣ 1909» የሚል ሪከርድ ካያችሁ ወይ ማተሚያ ቤቱ ወይ ዓመቱ በእርግጥ ተሳስቷል።

ብራና ላይ ነገሩ ይጠልቃል። መዝጊያው «፸፫፻፷ ዓመተ ዓለም» ይላል እንበል። ፸፫ በ፻ ይባዛል፣ ፷ ይደመራል፤ 7360 ይመጣል። 5500 ሲቀነስ 1860 ዓ.ም. ነው። አሁን ወንጌላዊውን ጠይቁ። ዓመተ ዓለሙን ለ4 አካፍሉ፤ ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ቀሪ ከሌለ ዮሐንስ። 7360 ቀሪ የለውም። ጸሐፊው «በዘመነ ዮሐንስ» ካለ ተገናኝታችኋል። «በዘመነ ማርቆስ» ካለ ደግሞ ቁጥሩን መልሳችሁ አንብቡ፤ በደበዘዘ ቀለም ፮ና ፯ን ማምታታት ቀላል ነው። አንድ ደቂቃ የምትፈጅ ማጣሪያ ናት፤ ብዙ ካታሎገር ለምን እንደሚዘላት አይገባኝም።

አሮጌ ብራና ላይ «ዓመተ ምሕረት» ሲባል ደግሞ ሁልጊዜ ዛሬ የምናውቀው አይደለም። በ532 ዓመት የሚዞረው ዐውድ ውስጥ ያለ ቁጥር ሊሆን ይችላል። ትንሽ ቁጥር ካገኛችሁ ንጉሡን ፈልጉ። ንጉሡም ብቻውን አይበቃም። «ንጉሥነ ኢያሱ» ቀዳማዊው ከሆኑ 1682–1706፣ ዳግማዊው ከሆኑ 1730–1755 እ.ኤ.አ. ነው። ሁለተኛ ማስረጃ እስኪገኝ ድረስ ሰፊውን ዘመን 046 (የልዩ ዘመናት ፊልድ) ላይ አስፍሩ፣ ለምን እንደሰፋ ማስታወሻ ላይ ተናገሩ።

መጽሐፉ ሁሉ «በስመ አብ» ይባላል

ይህ የሚሆነው ግዕዝ የማያውቅ መዝጋቢ የመጀመሪያውን መስመር ርዕስ ሲያደርገው ነው። «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ ፩ አምላክ» የመክፈቻ ቃል ነው። ቀጥሎ የሚመጣው «ንቀድም በረድኤተ እግዚአብሔር»ም የወል ነው። እሱን አልፋችሁ በቀይ ቀለም የተጻፈውን ተከተሉ፤ ድርሳን፣ ገድል፣ ተአምር፣ መልክእ የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ እዚያ አለ። ካጣችሁት መጨረሻው ላይ «ተፈጸመ» ያለውን ተመልከቱ። ከዚያም ያወጣችሁትን ርዕስ በማዕዘን ቅንፍ አስገቡ።

ተቃራኒው ችግር አንድ ርዕስ ሌሎቹን መሸፈኑ ነው። «መዝሙረ ዳዊት» ብቻ ተብሎ የተመዘገበ ብራና ውስጥ በተለምዶ ጸሎተ ነቢያት፣ መኃልየ መኃልይና ውዳሴ ማርያምም አሉ። ወንጌል ባዶ ቅጠሎቹ ላይ የርስትና የጉልት ውል ይዞ ይገኛል። የታሪክ ሰው የሚፈልገው ያን ውል ነው፣ ግን ማንም አልጻፈለትም። 505 (የይዘት ዝርዝር) ላይ ከነቅጠል ቁጥሩ ዘርዝሩ።

የቅጠሉ ቁጥር አይገጥምም

ሪከርዱ 142 ይላል፣ ስትቆጥሩ 138 ይሆናል። ሰው ሁሉ ወዲያው ስርቆትን ያስባል። ረጋ በሉ። አንደኛ፣ የድሮው መዝጋቢ ባዶዎቹን ቆጥሮ ይሆን? ሁለተኛ፣ በእርሳስ የተጻፈው የድሮ ቁጥር የዘለለው አለ? ሁለቱም ካልሆኑ ብራናውን ራሱን መጠየቅ ነው።

ብራና የተሠራው አንድ ላይ ታጥፈው ከተሰፉ ጥራዞች ነው። ብዙ ጊዜ አንዱ ጥራዝ 8 ወይም 10 ቅጠል አለው። የጥራዙን መሐል ፈልጉ፤ ክሩ ይታያል። ከክሩ በግራና በቀኝ ያለውን ቁጠሩ። እኩል ከሆነ ጥራዙ ብዙ ጊዜ ሙሉ ነው። እኩል ካልሆነ በጎደለው ወገን ጠባብ የቆዳ ትርፍ መኖሩን እዩ። ትርፉ ኖሮ ንባቡ ከተያያዘ ጸሐፊው ከመጀመሪያው ነጠላ ቅጠል አስገብቷል፤ ምንም አልጠፋም። ንባቡ ከተቆረጠ ግን ጠፍቷል።

የቆዳውን ገጽም አስተውሉ። ጠጉር የነበረበት ወገን ቢጫ ይላል፣ የጠጉር ቀዳዳዎች ነጠብጣብም ይታይበታል፤ የሥጋው ወገን ነጣ ይላል። መጽሐፉ ሲከፈት እንደ ደንቡ ጠጉር ከጠጉር፣ ሥጋ ከሥጋ ይተያያል። አንዱ ገጽ ቢጫ፣ ፊት ለፊቱ ነጭ ከሆነ እዚያ መካከል አንድ ነገር ሆኗል። ግዕዝ ሳያነብ ይህን በዓይኑ የሚለይ ሠራተኛ ትልቅ ሀብት ነው።

ያገኛችሁትን ጻፉ። 300 ላይ አሁን ያለው ቁጥር፣ ማስታወሻ ላይ የጎደለበት ቦታ፣ ንባቡ የተቆረጠበት ቃል፣ የቆጠራችሁበት ቀን። ነገ አንድ ቅጠል ቢጠፋ የእናንተ ቀን ማስረጃ ነው። የሁለተኛውን ቅጠል የመጀመሪያ ቃላትም አስፍሩ። ተመሳሳይ ሁለት ዳዊቶች በዚያ ቦታ ላይ አንድ ቃል አይጋሩም ማለት ይቻላል፤ የተሰረቀ መጽሐፍ ገበያ ላይ ቢገኝ ይለይበታል።

ጸሎቱ ውስጥ የባለቤቱ ስም ተፍቆ ሌላ ስም ከተጻፈበት ሁለቱንም 561 ላይ በቅደም ተከተል አስገቡ፤ የኋለኛው በሌላ እጅ መጻፉን ጥቀሱ። የሰጪው አድራሻና ዋጋ 541 ላይ ሲገቡ የመጀመሪያውን አመልካች 0 አድርጉት። 0 ለሕዝብ የማይታይ ማለት ነው።

ጥቃቅኑ

ከሌላ ቤተ መጻሕፍት የወረደ ሪከርድ «በደራሲው የተፈረመ» ይላል፣ የእናንተ ቅጂ ላይ ፊርማ የለም። የዚያ ቅጂ ማስታወሻ አብሮ ወርዷል፤ አጥፉት። የራሳችሁን ቅጂ የሚመለከት ሁሉ ንዑስ ፊልድ 5 ላይ የተቋማችሁ ኮድ ይኑረው።

ባርኮድ ገበታው (የእንጨት ሽፋኑ) ላይ ወይም ብራናው ላይ ተለጥፏል? በጉልበት አታንሡት፣ የጥገና ባለሙያ ይይዘዋል። ለወደፊቱ ከአሲድ ነፃ ወረቀት ቁራጭ ላይ ለጥፋችሁ መሐሉ አስገቡት። ቁጥር የሚጻፈው በለስላሳ እርሳስ ብቻ ነው።

ተመራማሪው የኢኤምኤምኤል (የኢትዮጵያ ብራናዎች ማይክሮፊልም ቤተ መጻሕፍት ፕሮጀክት) ቁጥር ይዞ መጥቶ «ዋናውን አሳዩኝ» ይላል። በ1973 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ያ ፕሮጀክት ከ9 ሺህ በላይ ብራናዎችን በማይክሮፊልም አንሥቷል፤ ሚኒሶታ የሚገኘው ቤተ መጻሕፍት የያዘው ፊልሙን ነው፣ ብራናው የቀረው ከየባለቤቱ ዘንድ ነው። የእናንተ ሪከርድ የፊልም ወይም የዲጂታል ቅጂ ከሆነ 533 ላይ ቅጂነቱን፣ 535 ላይ ዋናው ያለበትን ቦታ ጻፉ። ዋናው ከእናንተ ዘንድ ከሆነ ደግሞ የፊልሙ ቁጥር፣ የድሮው የመደርደሪያ ቁጥርና የአሁኑ ሦስቱም መፈለጊያው ላይ ይምጡ።