ያገለገለ ዲኤስኤልአር፦ ችግሩ ከካሜራው ነው ከሌንሱ?

ካኖንና ኒኮን ፊታቸውን ወደ ሚረርለስ (ውስጡ መስታወት የሌለው ካሜራ) ካዞሩ ወዲህ፣ ደህና ዲኤስኤልአር (መስታወት ያለውና ሌንሱ የሚቀያየር ካሜራ) ያገለገለ ሆኖ በቅናሽ ይገኛል። ለጀማሪ ጥሩ ዕድል ነው። ጀማሪዎች ተቸግረው ሲያማርሩ የምሰማቸው ነገሮች ግን እነዚህ ናቸው።

ቤት ውስጥ የተነሳው ፎቶ ይደበዝዛል

ፎቶውን አጉልታችሁ እዩት። የመጀመሪያ ካሜራዬን የያዝኩ ሰሞን አንዲት ልጅ የልደት ሻማ ስታጠፋ አነሳኋት። ኬኩ ጥርት ብሏል፣ ፊቷ ግን ደብዝዟል። ካሜራው የተበላሸ መስሎኝ በጣም አዘንኩ። ለካ ሸተሩ (ብርሃን የሚያስገባው መከለያ) ለመዘጋት ዘግይቶ ነው። የቆመው ጥርት ብሎ የሚንቀሳቀሰው ከደበዘዘ ችግሩ ይኸው ነው። ሁሉም ነገር ወደ አንድ አቅጣጫ ከተጎተተ እጃችሁ ነው የተንቀጠቀጠው። ከሰውየው ኋላ ያለው ግድግዳ ከጠራ ደግሞ ፎከሱ ስቷል።

ከካሜራው ጋር አብሮ የሚመጣው 18-55 ሚሊ ሜትር ሌንስ አጉልቶ 55 ላይ ሲደርስ ከኤፍ 5.6 በላይ አይከፈትም (የኤፍ ቁጥር ሲያንስ ሌንሱ ይበልጥ ይከፈታል)። ብርሃን ሲያንስ ካሜራው ሸተሩን ያዘገያል። አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ንቃት) 1600 አድርጉና ሸተሩን ከ1/125 ሰከንድ አታውርዱ። ፎቶው ትንሽ ቢሻክርም ከደበዘዘ ይሻላል።

ገና ካልገዛችሁ ምክሬ አንድ ነው፦ ቦዲው (ካሜራው ያለ ሌንሱ) አሮጌ ይሁን፣ በተረፈው ብር 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ ግዙ። ከኤፍ 5.6 ይልቅ 10 እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። ክፍሉ ጠባብ ከሆነ 35 ይሻላል።

ሌንሱ ራሱ ፎከስ አያደርግም

መጀመሪያ ጎኑ ላይ ያለችውን ማብሪያ እዩ፤ ኤም (በእጅ ፎከስ ማድረጊያ) ላይ ሆና ሊሆን ይችላል። ካልሆነችና ካሜራው ከኒኮን ዲ3000 ወይም ዲ5000 ተከታታዮች ከሆነ፣ ቦዲው የፎከስ ሞተር የለውም። የራሱ ሞተር የሌለው አሮጌ ኤኤፍ-ዲ ሌንስ በእጅ ካልሆነ ፎከስ አያደርግለትም። ሞተሩ ሌንሱ ውስጥ ያለውን፣ ኤኤፍ-ኤስ የተጻፈበትን ፈልጉ።

ሰማይ ላይ ጥቁር ነጥብ ይታያል

ሌንስ ቀይራችሁም ነጥቡ እዚያው ቦታ ካለ ሴንሰሩ (ምስሉን የሚቀርጸው ክፍል) ላይ አቧራ አለ። በካሜራው የማጽጃ ሜኑ ጀምሩ፤ እንቢ ካለ በጎማ መንፊያ አጽዱት። በአፍ እፍ አትበሉበት፣ ምራቅ ይጣበቃል። ስትገዙም ኤፍ 16 ላይ ነጭ ግድግዳ አንሱና አረጋግጡ።

ሌንሱ ውስጥ በባትሪ ስታበሩ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካያችሁ ሻጋታ ነው። ሻጩ የቱንም ያህል ቢቀንስላችሁ ተዉት።